ስለ ሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት እና ታጥፎ ስለቀረው የማስታወሻ ዓምድ

ጥር 7 ቀን

ለተከበሩ የጠቅላላ አገልግሎት ዳይሬክተር
አራተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎት ጊዜ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ በቅርቡ የተመረቀው የግል መታጠቢያ ክፍልዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከእጅ መታጠቢያ ውሃ በስተቀር ምንም ሳይጎድልብኝ ደህና ነኝ።

በዚህ መሥሪያ ቤት በስታትስቲክስ ባለሙያነት አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ሙያዬ ነገርን ከስሜት እንዳልጀምር ስለሚያስገድደኝ፣ አስቀድሜ የሆነውን በቀኑ ቅደም ተከተል፣ አንድም ቅጽል ሳልጨምር አስቀምጣለሁ።

ጥቅምት 4፦ «ንጹህ ቢሮ፣ ጤናማ ሠራተኛ» የተሰኘው የእርስዎ ሰርኩላር ለአምስቱም ፎቆች ተሰራጨ። በየመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የጽዳት መከታተያ ቅጽ እንደሚለጠፍ አስታወቀ። ቅጹን በእርስዎ ጥያቄ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 11፦ ቅጹ ተለጠፈ። አምስት ዓምዶች አሉት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ «ጸድቷል ወይም አልጸዳም»፣ ፊርማ እና ማስታወሻ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይሞላል።

ኅዳር 2፦ በሦስተኛ ፎቅ ውሃ ተቋረጠ። በሌሎቹ አራት ፎቆች አልተቋረጠም።

ኅዳር 4፣ ኅዳር 18 እና ታኅሣሥ 2፦ ውሃው እንዲመለስ የሚጠይቁ ሦስት ደብዳቤዎች ለቢሮዎ ገቢ ሆኑ። መልስ አልተሰጠም።

ታኅሣሥ 21፦ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ሦስት አባላት ያሉት የጽዳት ገምጋሚ ቡድን ሕንጻውን ጎበኘ።

ታኅሣሥ 25፦ አራት ፎቆች የንጽህና የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። ሦስተኛ ፎቅ «እጅግ ዝቅተኛ» ተባለ።

ታኅሣሥ 28፦ የሦስተኛ ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ ከሥራ ታገደች።

ጥር 5፦ በእርሷ ላይ ምስክር ሆኜ እንድቀርብ የሚያዝዝ ደብዳቤ በእርስዎ ፊርማ ደረሰኝ።

ጥር 12፦ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰብስቦ ከሥራ ትሰናበት ወይስ ትመለስ የሚለውን ይወስናል። ይህ ቀን ገና አልደረሰም። በዝርዝሩ ያካተትኩት ደብዳቤዬ ከቀኑ ቀድሞ እንዲደርስ ስለፈለግሁ ብቻ ነው።

መዝገቡ ይህን ይመስላል። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልሻገር።

አንደኛ፣ ስለ ሰርኩላሩ አራተኛ አንቀጽ አመሰግንዎታለሁ። እንደሚያስታውሱት እኔ ያረቀቅሁት ሦስት አንቀጽ ብቻ ነበር። አራተኛውን እርስዎ ራስዎ፣ እኔ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በአረንጓዴ ብዕርዎ ጨመሩበት፦ «ይህ ቅጽ የአቅርቦት ጉድለትን ለይቶ ለማሟላት እንጂ ማንንም ሠራተኛ ለመቅጣት በማስረጃነት አይውልም።» ጽፈው ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ ሰው እውነቱን እንዲጽፍ ከተፈለገ መጀመሪያ ፍርሃቱን ማንሳት ያስፈልጋል አሉኝ። በዚያ ቀን ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ መረጃ ምን እንደሆነ የሚገባው አለቃ አገኘን ብዬ ነገርኩት። ባለቤቴ የማስታወስ ችሎታው ጠንካራ በመሆኑ ዓረፍተ ነገሩን እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ይደግምልኛል። የረቂቁን ወረቀትም ከነአረንጓዴ ቀለሙ አስቀምጬዋለሁ። ያኔ ያስቀመጥኩት በኩራት ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰው በማሳመን በኩል ያለኝን ችሎታ እንዳውቅ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ቅጹ በተለጠፈ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሞላሉን ለማየት አምስቱንም ፎቆች ዞርኩ። በአምስቱም ላይ የሐሙስ ከሰዓት በኋላው ጽዳት ተከናውኖ፣ ተፈርሞበት አገኘሁት። ከአምስቱ ፎቆች በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሕንጻው የሚዘጋበት ቅዳሜም ሁለት ጊዜ ጸድቶ ነበር። ይህን የምጽፈው እነዚያን ሠራተኞች ለማስቀጣት እንዳልሆነ በጥብቅ ማሳሰብ እወዳለሁ። ይህን መሥሪያ ቤት እነሱ ከእኔ በተሻለ ያውቁት እንደነበር አሁን ተረድቻለሁ።

የእኛን ፎቅ ቅጽ እስከ ዓርብ የፈረመችው በሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎቷ እርስዎን ጨምሮ የስድስት ዳይሬክተሮችን ጠረጴዛ የወለወለች፣ እኛ ሁላችን «እቴቴ» የምንላት የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ቀርቷታል። ማንበብና መጻፍ የተማረችው ከአርባ ዓመቷ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ሲሆን፣ እያንዳንዱን ፊደል ብቻውን እንደሚቆም ሰው አስተካክላ ታቆመዋለች። ለምን አስቀድማ እንደፈረመች ስጠይቃት ባዶ ቦታ ካዩ ይቆጣሉ አለችኝ። እኔም አራተኛውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ማን እንዳለው ጠየቀችኝ፤ ዳይሬክተሩ ራሳቸው፣ በእጃቸው ጽፈው፣ አልኳት። «እንግዲህ አንቺ ካልሽኝ» አለች፤ አዲስ ቅጽ እንድሰጣትም ጠየቀችኝ። ልብ ይበሉልኝ፣ ክቡር ዳይሬክተር፦ «እሳቸው ካሉ» አላለችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በአምስቱ ፎቆች ላይ ከነበሩት ቅጾች መካከል አንዱ ብቻ እውነተኛ ሆነ። በየሳምንቱ ዓርብ፣ መረጃ መሰብሰብ ሥራዬ በመሆኑ፣ የሁሉንም ፎቶግራፍ በስልኬ አነሳ ነበር። እቴቴ የጻፈቻቸው ማስታወሻዎች አጫጭር ናቸው። «ሳሙና አለቀ።» «ጓንት ተቀደደ።» «ውሃ የለም።» «ዛሬም የለም።» ኅዳር 20 ቀን፣ ቧንቧው ለሩብ ሰዓት ያህል ሲንጠባጠብ፣ «ትንሽ መጣ ደስ አለኝ» ብላ ጽፋለች። በአሥራ አንድ ዓመት የሙያ ሕይወቴ፣ በማስታወሻ ዓምድ ላይ ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ መረጃ አላነበብኩም።

ሦስተኛ፣ ለጤናችን ስላደረጉት እንክብካቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ውሃ በተቋረጠ በሁለተኛው ሳምንት የእጅ አስተጣጠብ ሥልጠና በእኛው ፎቅ አዳራሽ እንዲሰጥ አድርገዋል፤ ስድስቱን የአስተጣጠብ ደረጃዎች የሚያሳየውንም ባለቀለም ፖስተር ከደረቁት ቧንቧዎች በላይ አሰቅለውልናል። የመጀመሪያው ደረጃ «እጅዎን በውሃ ያርጥቡ» ይላል። ይህንና «በውሃ ያለቅልቁ» የሚለውን አምስተኛውን ወደፊት እንደርስባቸዋለን በሚል በይደር ትተን፣ በመካከል ያሉትን በትጋት ተለማምደናል። ስድስተኛው ማድረቅ ነው፤ እሱን ያለ ማንም ድጋፍ ችለነዋል።

የፎቁ ሠራተኞችም የየራሳቸውን መላ ፈጥረዋል። የመዝገብ ቤቷ ባልደረባዬ፣ ስድስተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር፣ ወደ አንደኛ ፎቅ የምትወርድበትን ቁጥር ለመቀነስ ከጠዋት እስከ ምሳ ውሃ መጠጣት አቁማለች፤ ሐኪሟ ግን ይህ መላ እንዳልተስማማው ነግሯታል። ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች በአንድ ሳምንት ውስጥ በሆድ ሕመም ቀርተዋል፤ ሦስተኛው በቀጣዩ። ከውሃው መጥፋት ጋር ዝምድና አለው ብዬ በእርግጠኝነት ለመደምደም መረጃው ትንሽ ነው። ነገር ግን በሌሎቹ ፎቆች በዚያው ጊዜ በሆድ ሕመም የቀረ የለም። ይህንን ያለ አስተያየት አልፈዋለሁ።

እቴቴ ደግሞ ባልዲ ያዘች። ከኅዳር 2 እስከ ታኅሣሥ 18 ባሉት ሠላሳ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በቅጹ ላይ ሰባ መስመር አለ። በሃያ ዘጠኙ ላይ «ጸድቷል» ብላ፣ በማስታወሻው «በባልዲ» ብላ ጽፋለች። ለአንድ ጊዜ ጽዳት አራት ባልዲ ያስፈልጋት እንደነበር አብሬያት ሆኜ ቆጥሬያለሁ፤ ጠቅላላው አንድ መቶ አሥራ ስድስት ባልዲ ይሆናል። ሁሉም ከአንደኛ ፎቅ በደረጃ የወጡ ናቸው፤ ምክንያቱም «ባልዲ ይዞ በሊፍት መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚለው ማስታወቂያ፣ በእርስዎው ፊርማ፣ በሊፍቱ በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል። አንድ ቀን ባልዲውን ልቀበላት ብሞክር አንቺ በወረቀትሽ፣ እኔ በባልዲዬ፣ ሁላችን በየሥራችን ብላ አባረረችኝ። በቀሪዎቹ አርባ አንድ መስመሮች ላይ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ወይም የአንደኛ ፎቅ ዘበኛ ውሃ መቅዳት ሲከለክላት፣ «አልጸዳም» ብላለች፤ ምክንያቱንም ከጎኑ ጽፋለች። እንደዚያ እንድታደርግ የነገርኳት እኔ ነኝ።

አራተኛ፣ ስለ ገምጋሚ ቡድኑ። እንግዶቻችን በፎቃችን ስድስት ደቂቃ ቆይተዋል። እርስዎም አብረዋቸው ነበሩ፤ ስለ ቅጹ አስፈላጊነት በአድናቆት ሲያስረዱ ከቢሮዬ በር ሆኜ ሰምቻለሁ። ሽታው እንዳስቸገራቸው ግልጽ ነበር፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። ከመካከላቸው አንዷ እጇን ልትታጠብ ወደ ገንዳው ሄደች፤ እኔም ቧንቧውን ስትከፍት ለማየት ጠበቅሁ። እርስዎ በታላቅ ትሕትና ከኪስዎ የእጅ ማጽጃ ፈሳሽ አውጥተው አቀረቡላት። ተቀብታ ወጣች። ቧንቧው ሳይነካ ቀረ። እንዲህ ያለ የእንግዳ አቀባበል ፍጥነት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ከዚያም ውጤቱ መጣ። አስቀድመው የተሞሉት አራት ቅጾች መቶ በመቶ አገኙ፤ የምስክር ወረቀቶቹም በመስታወት ተከድነው ከየቅጾቹ ጎን ተሰቀሉ። ቅዳሜ የጸዳው ፎቅ ልዩ ምስጋና ተጨምሮለታል።

አምስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬን በጥንቃቄ እንድመዝን ይፍቀዱልኝ። ለእቴቴ በተጻፈው የእገዳ ደብዳቤ ላይ «በራሷ የእጅ ጽሑፍና ፊርማ ባረጋገጠችው መሠረት አርባ አንድ ጊዜ ሥራዋን ሳትሠራ ቀርታለች» ይላል። በማስረጃነት የቅጹ ፎቶ ኮፒ ተያይዟል። ደብዳቤውን ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ መነጽሯን ስላልያዘች እንዳነብላት። አነበብኩላት። ከዚያ ኮፒውን ተመለከትኩ። ቀን አለ፤ ሰዓት አለ፤ «አልጸዳም» አለ፤ ፊርማ አለ። የማስታወሻው ዓምድ የለም። ወረቀቱ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በአራተኛው ዓምድ ጠርዝ ላይ፣ በቀጥታ መስመር፣ በጥሩ ጥፍር ታጥፏል። የእጥፋቱ ጥላ በኮፒው ቀኝ ዳር እንደ ቀጭን ግራጫ ክር ይታያል። በሠላሳ አምስቱም ቀናት ገጾች ላይ በአንድ ቦታ ይታያል። ስሕተት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

የጥር 5ቱ ደብዳቤዎ ደግሞ የቅጹ አዘጋጅ እንደመሆኔ በኮሚቴው ፊት ቀርቤ «ቅጹ አስተማማኝ መረጃ የሚሰጥ መሆኑን» እንዳረጋግጥ ያዝዘኛል። የማውቃቸውን ቃላት ሁሉ መርምሬ ለዚህ የሚመጥን የምስጋና ቃል አላገኘሁም። ቅጹን እንድሠራ ጠየቁኝ፤ ሠራሁት። ሰው እንዳይፈራው ቃል ገቡ፤ ቃልዎን ተሸክሜ ወደ ሰው ሄድኩ። የሃያ ሰባት ዓመት ሠራተኛ በእኔ ቃል አምና እውነቱን ጻፈች። አሁን ያው እውነት ከአምስቱ አንድ እጁ ታጥፎ በእርሷ ላይ ሲመለስ፣ ማኅተም እንዳደርግበት የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

እቴቴ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ደብዳቤዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

«ልጄ፣ እንደ ሌሎቹ ብፈርም ኖሮ ይሄኔ ሰርተፊኬት ነበረኝ?»

መረጃው ከሚፈቅደው በላይ ላለመናገር የተማርኩ ሰው ነኝ። መረጃውን አሰብኩት። አዎ አልኳት።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ፈቃዷን ስጠይቅ ደግሞ ከጻፍሽ ደህና አድርገሽ ጻፊ፣ ሰው እንዳትሰድቢ፣ ውሸት አልጻፈችም በይልኝ አለችኝ። ሰው አልሰደብኩም፤ ይህንን ራስዎ ሊመሰክሩልኝ ይችላሉ። የቀረውን በዚህ እፈጽማለሁ፦ ውሸት አልጻፈችም።

አንድ ጉዳይ ይቀረኛል። ውሃው ለምን እንደተቋረጠ ለስምንት ሳምንታት የማውቀው አልነበረም፤ የከተማው ውሃ ነው የሚሉ ነበሩ፣ ቱቦው አርጅቷል የሚሉም ነበሩ። ባለፈው ሳምንት የሕንጻውን ቧንቧ ሠራተኛ ጠየቅሁት። በዚህ ሕንጻ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ አንድ ብቻ ስለሆነ ማንነቱን መደበቅ እንደማይቻል ተረድቼ፣ ቃሉን ለመጻፍ ፈቃዱን አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፤ ጻፊው፣ እኔንም ሰልችቶኛል ብሏል። እንደ እርሱ አገላለጽ፣ ኅዳር 2 ቀን በአራተኛ ፎቅ የሚገኘው የግል መታጠቢያ ክፍልዎ ሥራ ሲጀምር የውሃው ግፊት ደካማ ሆኖ ተገኘ። ግፊቱ እስኪስተካከል ለሁለት ቀን ብቻ የሦስተኛ ፎቅ የውሃ ማከፋፈያ እንዲዘጋ ተነገረው፤ ዘጋው። በሦስተኛው ቀን ልክፈት ብሎ ሲጠይቅ የጽሑፍ ትእዛዝ ጠብቅ ተባለ። «ስዘጋው በቃል ነበር» አለኝ፣ መሰላሉን ትከሻው ላይ እንደያዘ፣ «ስከፍተው ግን ደብዳቤ ይፈልጋል።» ማከፋፈያው በአራተኛ ፎቅ ኮሪደር፣ ከእርስዎ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። ቁልፏ በጸሐፊዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለመክፈት እጅን ሩብ ዙር ማዞር ይበቃል።

ስለዚህ ጥር 12 ቀን በትእዛዝዎ መሠረት በሰዓቱ እቀርባለሁ። የሚጠይቁኝንም አረጋግጣለሁ፦ የሦስተኛ ፎቅ ቅጽ አስተማማኝ ነው። ሰባውም መስመር እውነት ነው። አምስቱም ዓምድ እውነት ነው። ሥራዬ ስለሆነም ያልታጠፉትን የየዓርቡን ፎቶግራፎች፣ ሦስቱን ደብዳቤዎች ከነገቢ ቁጥራቸው፣ እንዲሁም አረንጓዴ ቀለም ያለበትን ረቂቅ አያይዤ አቀርባለሁ። ከዚህ በኋላ የእኔ የሥራ ዋስትና ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ለመተንበይ የሚያስችል በቂ መረጃ አለኝ፣ ግን አልተነብይም።

የሥራ ዘመንዎ እንደ ቅጾቻችን እስከ ዓርብ ድረስ አስቀድሞ የተፈረመበት፣ ግፊትዎም ለዘለዓለም የማይቀንስ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ቃል አምኜ ሌላ ሰው ያሳመንኩባትን ያቺን ማክሰኞ ጠዋት ሁልጊዜ የማስታውስ፣

አክባሪዎ
የሦስተኛ ፎቅ የስታትስቲክስ ባለሙያ፣ የቅጹ አዘጋጅ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፣ የማስታወሻው ዓምድ ሳይታጠፍ
ለገምጋሚ ቡድኑ፣ እጃቸውን ለመታጠብ በፈለጉ ጊዜ
ለአምስቱም ፎቆች ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለእቴቴ፣ ሰው አለመሰደቡን እንድታረጋግጥ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ፍትሐዊ መሆን ስላለብኝ፣ ምናልባት እስካሁን ነገሩ ተስተካክሎ ከሆነ እርስዎን በከንቱ እንዳልከስስ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገብቼ ሦስቱንም ቧንቧዎች አንድ በአንድ ሞክሬያለሁ። እቴቴን ለማገድ አንድ ደብዳቤ፣ እኔን ምስክር ለማድረግ አንድ ደብዳቤ፣ አራት ፎቆችን ለመሸለም አራት የምስክር ወረቀት ጽፈዋል። ለቧንቧ ሠራተኛው ግን አንድ መስመር አልጻፉም። ውሃውን አልከፈቱትም።